ሽኮኮ የዝሆን ዘመድ ናት ሲባል ምን ማለት ነው?

መንገደኛው

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር ቤተሰቤን ይዤ ባሌ ተራሮች ሄጄ ነበር። ጠዋት ወይብ ሸለቆ ስንደርስ ድንጋዩ ሁሉ ሽኮኮ በሽኮኮ ሆኖ ጠበቀን። እርስ በርስ ተደጋግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዷ አፏን በሰፊው ከፍታ ስታዛጋ ልጄ በስልኳ ፎቶ አነሳቻት። ይሄኔ አስጎብኚያችን "የዚች እንስሳ የቅርብ ዘመድ ማን ይመስላችኋል?" ብሎ ጠየቀን። እኔ ጥንቸል አልኩ። ባለቤቴ አይጥ አለች። እሱ "ዝሆን ነው" አለና ዝም።

ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ሮቤ እስክንገባ ድረስ መኪና ውስጥ ስትከራከረኝ መጣች። አንዷ 4 ኪሎ አትሞላም፣ ሌላው ስንት ሺህ ኪሎ ነው፣ ኩምቢ የላት፣ ትልቅ ጆሮ የላት፣ በምን ተገናኝተው ነው ዘመድ የሆኑት? እውነቱን ለመናገር እኔም መልስ አልነበረኝም። ሽኮኮን የማውቃት "ዓለቶችም ለሽኮኮዎች መሸሸጊያ ናቸው" ከሚለው ከመዝሙረ ዳዊት ነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ዘመድ ነው ያለው ማነው፣ በምን ማስረጃ? እንስሳትን በየምድቡ የሚያስቀምጣቸው ምን ደንብ ነው? ዝሆን ከሽኮኮ መጣ ማለትስ ነው? ባዮሎጂ ከተማርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ እባካችሁ ቀለል አድርጋችሁ አስረዱኝ።

መምህሩ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። አስጎብኚው ልክ ነው። በሕይወት ካሉ እንስሳት ውስጥ ለሽኮኮ የሚቀርቧት ዝሆንና ባሕር ውስጥ ሣር እየጋጡ የሚኖሩት ጡት አጥቢዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ዱጎንግ የሚባለው፣ እዚሁ ቀይ ባሕር ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ስለ ምድቡ ላንሳ። አድራሻ እንደማለት ነው። ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያልን እንደምንወርድ ሕያዋንም ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ እየተባሉ ይወርዳሉ። ልጅህ በትምህርት ቤት ኪንግደም፣ ፋይለም፣ ክላስ፣ ኦርደር፣ ፋሚሊ፣ ጂነስ፣ ስፒሽስ ብላ የምትሸመድደው እሱኑ ነው። ይህን አሠራር ያስፋፋው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ነው፣ መጽሐፉን መጀመሪያ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1735 ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሊኒየስ የሚለየው በሚታይ ነገር ነበር፤ ጥርስ፣ እግር፣ አበባ፣ ጡት። ዳርዊን በ1859 ከመጣ በኋላ ግን የምድቡ ትርጉም ራሱ ተለወጠ። ዛሬ ሁለት እንስሳትን አንድ ምድብ ውስጥ የምናስገባው ስለተመሳሰሉ ሳይሆን ከአንድ አያት ስለወረዱ ነው። መመሳሰል ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍንጭ ደግሞ አንዳንዴ ያሳስታል።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይሄ አይጠፋንም፣ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። የሌሊት ወፍ እንላለን፣ ወፍ አይደለችም፣ ታጠባለች። ዓሣ ነባሪ እንላለን፣ ዓሣ አይደለም፤ በሕይወት ካሉ እንስሳት ለሱ የሚቀርበው ጉማሬ ነው። ሊኒየስም መጀመሪያ ዓሣ ነባሪን ከዓሣ ጋር መድቦት ነበር። ያረመው በ1758 እትሙ ነው።

ሽኮኮም እንዲሁ ተሳስቶባታል። በ1766 ፓላስ የተባለ ተመራማሪ ስም ሲያወጣላት ከአይጥ ወገኖች ጋር ነው የደመራት። ከዚያ ኩቪዬ የተባለው ፈረንሳዊ አጥንቷን አየና አይጥ አይደለችም፣ ከነአውራሪስ ከነዝሆን ጎራ ናት አለ። በአጥንት ብቻ።

አሁን ወደ ሰውነቷ። ከጥቂት ዓመት በፊት ተማሪዎቼ ከገደል ሥር የሽኮኮ ራስ ቅል አግኝተው ክፍል ይዘውልኝ መጡ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን ቆመን አየነው። ከላይኛው መንጋጋ ሁለት ጥርሶች ወደ ታች ተስለው ወጥተዋል፣ እንደ ጦር ጫፍ። የአይጥ የፊት ጥርስ እንደ መሮ ጠፍጣፋ ጫፍ አለው፣ ይሄ ግን ሾጣጣ ነው። ብዙ ሰው የዝሆን ጥርስ ክራንቻ ይመስለዋል። ክራንቻ የከርከሮ ነው። የዝሆን ግን የላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርስ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ እያደገ የሚሄድ። የሽኮኮም ሁለቱ የላይ ጥርሶች የፊት ጥርሶች ናቸው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ።

እግሯን ደግሞ ያየ ሰው አይረሳውም። የፊት እግሯ 4 ጣት፣ የኋላዋ 3። ጥፍሯ አይጥ እንዳላት ሹል ሳይሆን ደነዝ ሆኖ ጠፍጣፋ ነው፣ ትንሽዬ ሰኮና ይመስላል፤ ከኋላ እግሯ አንዷ ጣት ላይ ብቻ ፀጉሯን የምታበጥርበት ረጅም ጥፍር አለ። ውስጥ እግሯ እንደ ጎማ ለስላሳና እርጥብ ነው፣ ላብ ስለሚያልበው ዓለት ላይ ይይዝላታል። የወንዱ የዘር ፍሬ ሆድ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ የዝሆንም እንዲሁ። እርግዝናዋ ደግሞ 7 ወር ይዘልቃል። አይጥ በ3 ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፣ ጥንቸል በወር። 4 ኪሎ የማትሞላ እንስሳ 7 ወር ምን ታደርጋለች? ዝሆን 22 ወር ነው የምታረግዘው።

በመጨረሻ በ1990ዎቹ ዲኤንኤ ሲነበብ ነገሩ ለየለት። ዝሆን፣ ሽኮኮ፣ ዱጎንግ፣ አዋልዲጌሳና ሌሎች ጥቂት የአፍሪካ እንስሳት ከአንድ ግንድ የወጡ ሆነው ተገኙ። በ1998 ለግንዱ አፍሮቴሪያ የሚል ስም ወጣለት፣ የአፍሪካ አውሬዎች እንደማለት። አፍሪካ ለረጅም ዘመን ከሌሎች አህጉራት ተለይታ በባሕር ተከባ የኖረች ምድር ነበረች፣ እነዚህም እዚሁ ተባዝተው እዚሁ ተለያዩ።

አንድ ነገር ልብ በል፣ ዘመድ ሲባል ወንድምና እህት ማለት አይደለም። መደባቸው አንድ ነው፣ ጡት አጥቢ። ክፍለ መደባቸው ግን የየራሳቸው ነው። የሩቅ የአጎት ልጆች ናቸው፣ ግን ከነሱ የሚቀርብ ሌላ የተረፈ የለም።

ዘደብረ ሰላም

መምህር፣ ስላብራሩልን እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም፣ በቅንነት ነው የምጠይቀው። ኦሪት ዘፍጥረት "እንደ ወገኑ" እያለ ነው የሚናገረው። አንድ አናጢ ወንበርም ጠረጴዛም ቢሠራ እግራቸው ይመሳሰላል፣ እጁ አንድ ስለሆነ። ታዲያ የጥርሱም የእግሩም መመሳሰል የአንድ ሠሪ ምልክት ለምን አይሆንም? ዲኤንኤውስ ቢሆን?

የብራና ወዳጅ

ወንድሜ ዘደብረ ሰላም፣ እኔ ሳይንስ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ልጅነቴ በአብነት ትምህርት ቤት አልፏል፣ ኋላ ደግሞ የብራና መጻሕፍትን ፎቶ እያነሱ መዝግቦ የማስቀመጥ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ በማውቀው ልመልስልህ።

አንድ ጊዜ የአንድ ገድል ሦስት ቅጂ ፊቴ ነበር። ከተለያየ ደብር የመጡ ናቸው፣ ጸሐፊያቸውም ዘመናቸውም ሌላ ሌላ ነው። ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነብ በሁለቱ ላይ አንድ ቦታ ንባቡ ተቆረጠብኝ። ሦስተኛው ላይ ሳይ ምክንያቱ ገባኝ። "ወይቤሎ" የሚል ቃል አለ፣ ከአንድ መስመር በኋላ ሌላ "ወይቤሎ" አለ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጽፎ ቀና አለ፣ ሲመለስ ዓይኑ ሁለተኛው ላይ አረፈ፣ መሐል ያለው መስመር ቀረ። ብራና የሚጽፍ ሁሉ የሚያውቀው ስሕተት ነው።

እንግዲህ ሁለት ጸሐፊ አንድን ቃል ትክክል ቢጽፍ ምንም አያስደንቅም፣ ሁለቱም ተምረዋል። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ አንድ መስመር ከዘለሉ ግን ያ የእጅ መመሳሰል አይደለም። ያንን መስመር የሳተ አንድ እናት ቅጂ ነበረ፣ ሁለቱም የተገለበጡት ከሱ ወይም ከልጆቹ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ማን ከማን እንደገለበጠ ባይጻፍም ስሕተቱ ይነግርሃል። መምህር፣ ዲኤንኤ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

መምህሩ

ወዳጄ፣ አለ። እንዲያውም ከዚህ በተሻለ የሚገልጸው ሰው ሰምቼ አላውቅም፣ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ።

ፍየል ብርቱካን አትፈልግም። ቫይታሚን ሲን ጉበቷ ራሱ ይሠራላታል። አብዛኛው ጡት አጥቢ እንደዚሁ ነው። እኛ ግን አንሠራም፣ ካልበላነው ድዳችን ይደማል። የሚገርመው የመሥሪያው ዘረ መል እኛም ውስጥ አለ፣ ግን ተሰባብሯል፣ አይሠራም። ቺምፓንዚም፣ ጎሪላም፣ ዝንጀሮም የተሰበረውን ይዘው ይዞራሉ፣ ብዙው ስብራት ደግሞ የኛው ባለበት ቦታ ነው። ቫይታሚን ሲ የማትሠራ ሌላ እንስሳ አለች፣ ጊኒ ፒግ የምትባለዋ። የሷ ዘረ መል የተሰበረው ግን በሌላ ቦታ ነው፣ ለብቻዋ። ይኸው የተዘለለው መስመር።

ዘደብረ ሰላም፣ የአናጢው ምሳሌ የሚሠራ ነገር ለምን እንደተመሳሰለ ይነግረናል። የተሰበረ ነገር ለምን አንድ ቦታ ላይ እንደተሰበረ ግን አይነግረንም። ስለ እምነትህ እኔ አንተን የማስተምር ሰው አይደለሁም። እኔም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልቀርም። ሳይንሱ የሚለው እንስሳት እንዴት እንደተዛመዱ ነው፣ ማን ፈቅዶ ለምን እንደሆነ በአጥንትና በዲኤንኤ የሚለካ ጥያቄ አይደለም።

ዘጭልጋ

እኔ ጭልጋ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ። ይህን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛ አገር በየወንዙ ዳር ከተቦረቦረ ሸክላ ውስጥ የወጣ ቅሪተ አካል አለ፣ 27 ሚሊዮን ዓመቱ ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የወጣው። ከአንድ መሬት ውስጥ የጥንት የዝሆን ዘመዶችም፣ የጥንት ሽኮኮዎችም ወጥተዋል! አንደኛው የዝሆን ዘመድ ለሳይንስ አዲስ ስለነበር ቺልጋቴሪየም ተብሏል፣ የጭልጋ አውሬ ማለት ነው። የጥንቶቹ ሽኮኮዎች ደግሞ የዛሬዋን አይመስሉም፣ ከነሱ ውስጥ ትልልቅ የሣር በሎች ነበሩ። በግብፅ ፋዩም የተገኙትማ አንዳንዶቹ ከበሬ ያላነሱ ናቸው። ያኔ በአፍሪካ ሣርና ቅጠል የሚግጠው ሽኮኮ ነበር፣ በሬና ሚዳቋ ገና ወደ አፍሪካ አልመጡም። ኋላ ሲመጡ ትልልቆቹ አለቁ፣ ዓለት ሥር የገቡት ትንንሾቹ ቀሩ።

አገሬ ላይ ይሄ ሁሉ እንዳለ ስማር አልነገሩኝም። ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

መንገደኛው

ወንድሞቼ፣ ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያነበበች ነው። የሷ ጥያቄ ይኸው፦ ዝሆን ከሽኮኮ ካልመጣ ከምን መጣ? "ሰው ከዝንጀሮ መጣ" የሚባለውስ እንደዚሁ ነው? ከመጣስ ዝንጀሮዎቹ ለምን እስካሁን አሉ? እንስሳ ሲለወጥ ደግሞ ሰው አይቶት ያውቃል ወይ?

መምህሩ

ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሦስት ጥያቄ በአንዴ።

የመጀመሪያው። ዝሆንም ሽኮኮም ዛሬ ከሌለ ከአንድ አያት ወረዱ። አንዱ ሌላውን አልወለደም። ልጄ፣ ያንቺን የአጎት ልጅ አስቢ። አንቺ ከሷ አልመጣሽም፣ እሷም ካንቺ አልመጣችም፣ ሁለታችሁም ከአያታችሁ መጣችሁ፤ አያታችሁ ቢያልፉም እናንተ አላችሁ። ብዙ ሰው ዝግመተ ለውጥን እንደ መሰላል ነው የሚያስበው፣ ታች ዓሣ፣ ላይ ሰው። መሰላል የለም። ዋርካ ነው ያለው፣ እኛም የአንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ነን፣ ሽኮኮም የሌላው ቅርንጫፍ ጫፍ። ሞሮኮ ውስጥ 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የዝሆን ወገን ቅሪተ አካል ተገኝቷል፣ ኤሪቴሪየም ይባላል። ክብደቱ ስንት ይመስልሻል? ከ5 እስከ 6 ኪሎ። ወይብ ላይ ካየሻት ሽኮኮ ብዙ አይበልጥም። በመጠን ነው የተራራቁት፣ እሱም ቀስ በቀስ።

ሁለተኛው። ዛሬ ከምናየው ጭላዳም ሆነ ቺምፓንዚ አልመጣንም። ከቺምፓንዚ ጋር የሚያገናኘን አያት የኖረው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው ተብሎ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ እነሱ በራሳቸው መንገድ ሄዱ፣ እኛም በራሳችን። የኛ ቅርንጫፍ ላይ ያሉትን ደግሞ ከማንም በላይ እኛ አገር አፈር ነው የጠበቀልን። አርዲ 4.4 ሚሊዮን፣ ሰላም 3.3 ሚሊዮን፣ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ሦስቱም የአፋር ናቸው። ድንቅነሽ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር፣ አንጎሏ ግን ለቺምፓንዚ የቀረበ ነው። መጀመሪያ እግሩ፣ አንጎሉ በጣም ዘግይቶ። ይሄን ቀድሞ የገመተ ሰው ጥቂት ነው።

ሦስተኛው፣ ለውጥን ሰው አይቶ ያውቃል ወይ። አይቷል፣ ያውም ዝሆን ላይ። ሞዛምቢክ ውስጥ ጎሮንጎሳ የሚባል ፓርክ አለ። ከ1977 እስከ 1992 አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች፣ ታጣቂዎች ለጥርሱ ሲሉ ዝሆኑን ጨረሱት፣ ከ100 ዝሆን 90 እጁ አለቀ። ከጦርነቱ በፊት ጥርስ ሳታወጣ የምታድግ ሴት ዝሆን ከ100 ውስጥ 18 ገደማ ነበረች። ጥርስ የሌላትን ማን ይገድላታል? ባለ ጥርሶቹ አለቁ፣ እነዚያ ተረፉ፣ ወለዱ፣ ጥርስ አልባነቱን ለልጆቻቸው አወረሱ። ከጦርነቱ በኋላ ሲቆጠር ከ100 ሴቶች 50 ያህሉ ጥርስ አልባ ሆኑ። በ2021 የወጣው ጥናት የዘረ መል ምክንያቱንም አሳይቷል። ጥርስ አልባ የሚያደርገው ዘረ መል ለወንድ ፅንስ ገዳይ ነው፣ ለዚህ ነው ጥርስ አልባ ወንድ የማይታየው። አንዷም ዝሆን ፈልጋ አልተለወጠችም። አንዷም በሕይወቷ ጥርሷን አልጣለችም። የተለወጠው የሚተርፈው ማን ነው የሚለው ነው። ተፈጥሯዊ ምርጦሽ የሚባለው ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ጥይቱ የሰው ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው።

ባሌ ሰው

መንገደኛው፣ ወይብ ከሄዳችሁ ቀይ ቀበሮም ሳታዩ አልቀራችሁም። ስሙ ነው ያስገባኝ። እኛ ቀበሮ እንላለን፣ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊም እ.ኤ.አ. በ1840 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ስሙን ከሰሜን ተራራ ወሰደለት። መልኩን ያየ ሁሉ ቀበሮ ነው ይላል፣ አፉ ቀጭን፣ እግሩ ረጅም፣ ጠጉሩ ቀይ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዲኤንኤው ሲታይ ግን ዘመዱ ተኩላ ሆኖ ተገኘ። ቀጭኑ አፍ ፍልፈል ከጉድጓድ ለመያዝ የተበጀ ነው፣ ዘሩን አይናገርም። መምህሩ መመሳሰል ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም ያሉት እውነት ነው።

በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ያሉትም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፣ ብዙዎቹም እኛ ጋ። ውሻ ነው የሚጨርሳቸው፣ በእብደት በሽታ። ወደ ፓርኩ የምትመጡ ሰዎች፣ ውሻ ይዛችሁ አትምጡ፣ የአካባቢያችን ሰዎችም ውሾቻችሁን አስከትቡ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም።

ዘደብረ ሰላም

የብራና ወዳጅ፣ የተዘለለው መስመር ሌሊቱን ሲመላለስብኝ አደረ። ሁሉንም ተቀብያለሁ አልልም። ግን መምህር፣ የሚነበብ ነገር ካለ በአማርኛ ጠቁሙኝ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

መምህሩ

በደስታ። ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ያዘጋጀሁት የአማርኛ ማስታወሻ አለ፣ በውስጥ መልእክት እልክልሃለሁ። አዲስ አበባ ከሆንክ ደግሞ ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ በል፣ የነድንቅነሽ አጥንት ቅጂ እዚያ አለ። መጀመሪያ ዳሌዋን እይ፣ ከዚያ ራስ ቅሏን።

መንገደኛው

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። ማታ ልጄ ያቺን የምታዛጋውን ሽኮኮ ፎቶ አውጥታ አጉልታ አጉልታ አየችው። "አባዬ ና" አለችኝ። ከላይኛው ከንፈር ሥር ሁለት ሾጣጣ ጥርሶች ወደ ታች ወጥተዋል፣ መካከላቸው ክፍት ነው። ቀኑን ሙሉ ስልኳ ውስጥ ነበሩ። ፎቶውን ሰኞ ለባዮሎጂ መምህሯ ልታሳይ ነው፣ አሁን እግሯ የሚታይበትን ሌላ ፎቶ እየፈለገች ነው።